ማን ያጠጣል?

በዚያ የካቲት ብሩክታይት ግራ እጇን ከሹራቧ ኪስ አታወጣም ነበር። ተማሪዎቿ በርዷት ነው ይላሉ። የቢቸና የካቲት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አቧራና ፀሐይ ነው፤ ምን ብርድ አለው? እኔ ስርጉት ግን በአንድ ትምህርት ቤት አብሬያት የማስተምር፣ ምሳዋን የምጋራት ጓደኛዋ ነኝና የምትደብቀውን አውቅ ነበር። ቀለበቷን ነው።

ቀለበቱን ያሰረላት የአቶ አካለ ወልድ ልጅ ውበቴ ነው። አስሮላት ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ብሎ አዳማ ወረደ። መጀመሪያ በየእሑዱ ይደውል ነበር። ቀጥሎ በበዓል በበዓሉ ሆነ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ ተባለ፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ውበቴ አልተመለሰም። እነሆ ሁለት ዓመት አለፈው።

ቢቸና ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ ግን ማንም አፉን ሞልቶ አይናገርም። ቃሉን የሰጡት አባቷ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ናቸዋ! መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። አቶ አካለ ወልድ ደግሞ በልጅነታቸው አብረዋቸው ቅኔ የቆጠሩ፣ ኋላ ትምህርቱን ትተው ወደ ንግዱ የገቡ የልብ ወዳጃቸው ናቸው። ሁለት ወዳጆች ልጆቻችንን እናጋባ ብለው ከተማማሉ በኋላ ማን ደፍሮ «ልጅዎ የት ገባ?» ይላል? ብሩክታይትም ብትሆን የአባቷን ቃል ከምታጥፍ ምላሷን ብትነክስ ይሻላታል።

«ስርጉትዬ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «አውቶቡስ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበት የተያዘ ወንበር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ስንቴ! ያናድደኛል።»

«እኔ ያ ወንበር ነኝ። ሰው አይቀመጥበት፣ የያዘው ሰውዬም አይመጣ።»

ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። 

በዚህ መሃል ከተማችን ከንቲባ ልትመርጥ ሆነ። እጩዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ እኚሁ አቶ አካለ ወልድ፣ ሁለተኛዋ የቀድሞ ርእሰ መምህርታችን ወይዘሮ ይርጋነሽ። የከተማው ምክር ቤት ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ሁለቱ ስለ ከተማዋ ዘላቂነት ያላቸው አቋም ተነጻጽሮ በሕዝብ ፊት ይነበብ ተባለ። ስለ ቆሻሻው፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ውኃውና ስለ ችግኙ ማን ምን ይላል የሚለው ማለት ነው።

ማን አነጻጽሮ ያንብብ ሲባል ሁለቱም በአንድ አፍ ብሩክታይትን አሉ። የጂኦግራፊ መምህርት ናት፣ ድምጿም ያምራል። ዋናው ነገር ግን አቶ አካለ ወልድ «ምራቴ ናት» ብለው አመኑ፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ ደግሞ «ያስተማርኳት ናት፣ አትዋሽም» ብለው አመኑ። እሷን «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ለነገሩ ብሩክታይት ስለ ምን ተጠይቃ ታውቃለች?

ሙያዊውን ነገር የሚያግዛት ሰው ከሞጣ ተጠራ። ባንተአምላክ ይባላል፤ ሞጣ ላይ በከተማ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ይሠራል። ለሁለት ቀን ብሎ መጣና መንገድ ተዘጋበት። በእነዚህ ዓመታት መንገድ መዘጋት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ መቼ እንደሚከፈት ግን ማንም አያውቅም። ያመጣው ሁለት ሸሚዝ ብቻ ነበርና በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ሸሚዞቹን ለየ። ሰማያዊው ከታየ፣ ነጩ ያረፈበት አልቤርጎ ገመድ ላይ ተሰጥቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የተያዩት በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። በክረምት ሕዝብ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የተከላቸው ችግኞች እዚያ ተደርድረው ደርቀዋል። ባንተአምላክ ጎንበስ ብሎ ከጠጣው የተረፈውን የላስቲክ ውኃ አንዷ ላይ ያፈሳል።

«ሞታለች እኮ» አለችው ብሩክታይት ከኋላው።

ቀና አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ነጋሪ አያስፈልገኝም። ቅጠል የላትም።»

ግንዷን በጥፍሩ ፋቅ አደረጋት። ከቅርፊቱ ሥር ትንሽ እርጥብ አረንጓዴ ታየ።

«አልሞተችም» አለ። «ተስፋ ቆርጣ ነው።»

ብሩክታይት ያችን የተፋቀች ቦታ ብዙ አየቻት። ከዚያ እሱን አየችው፤ እሱም አያት። ደወል ተደውሎ ተማሪው ግር ብሎ ባይወጣ ኖሮ እስከ መቼ እንደሚቆሙ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ እየተገናኙ መሥራት ጀመሩ። እኔ ጥግ ይዤ ፈተና አርማለሁ። ለብቻዋ ከወንድ ጋር ተቀመጠች እንዳይባል ነው አብሬ የምቀመጠው፤ ፈተናውንማ ቤቴም ማረም እችል ነበር። በዚያ ሰሞን ስንቱን ትክክል ስሕተት፣ ስንቱን ስሕተት ትክክል እንዳልኩ እግዜር ይወቀው።

«ዘላቂነት የሚለውን ቃል እናውጣው» አለች አንድ ቀን። «ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባለ ጋሪው ይመጣል። ዘላቂነት ብትለው ያዛጋል።»

«ታዲያ ምን እንበል?»

«የሚዘልቅ እንበል። የሚዘልቅ ከተማ።»

«የሚዘልቅ» አለ ቃሉን እየቀመሰ። «እሺ መምህርት፣ አንድ ነገር እንደሚዘልቅ በምን ይታወቃል?»

ብዕሯን አስቀመጠች። «አንተ ነህ ባለሙያው።»

«እኔ የማውቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሞጣ ላይ ስንት ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ መሰለሽ! መትከል ደስ ይላል። ሕዝብ ይወጣል፣ ይጨፈራል። ታኅሣሥ ሲመጣ ግን ማንም የለም። ስለዚህ አሁን ሰው እንዲህ እተክላለሁ ሲለኝ፣ ማን ያጠጣል? ብዬ ነው የምጠይቀው።»

ብሩክታይት ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች። ግራ እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ጨብጣው ነበር፤ ሹራቧ ሲወጠር እኔም አይቻለሁ።

የሁለቱን እጩዎች አቋም ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አቶ አካለ ወልድ ዋናውን መንገድ ግራና ቀኝ በችግኝ አስውባለሁ፣ አደባባዩ ላይ ፏፏቴ አቆማለሁ፣ ከተማዋን አረንጓዴ አለብሳለሁ ይላሉ። የወይዘሮ ይርጋነሽ ጠበብ ያለ ነው። መጀመሪያ ወደ ገደሉ የሚጣለውን ቆሻሻ አስቆማለሁ፣ የገበያውን ቦይ እጠርጋለሁ፣ ችግኝም የምተክለው በየሰፈሩ ተረኛ አጠጪ ካገኘሁ ብቻ ነው ይላሉ። አዳራሽ ውስጥ የሚያስጨበጭበው የፊተኛው ነው። ብሩክታይት ሁለቱንም ሳታዳላ፣ ሁለቱም ያልተናገሩትን ጭምር ጻፈች፤ በአቶ አካለ ወልድ በኩል ያለው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያው እጩ ብዙ እንደሚተክሉ ተናግረዋል፤ ማን እንደሚያጠጣ ግን አልተናገሩም።»

ባንተአምላክ መስመሩን አነበበና ወረቀቱን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እጮኛ አለሽ አይደል?» አላት።

«አለኝ ይባላል።»

«የት ነው?»

«አዳማ።»

«መቼ ይመጣል?»

«መንገድ ሲከፈት።»

«መንገዱ ከመዘጋቱ በፊትስ?»

ብሩክታይት ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ። 

«ይቅርታ» አለ በመጨረሻ። «መጠየቅ አልነበረብኝም።»

«ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «መልሱ ጠፋብኝ።»

ያን ዕለት ሲሸኛት እንደወደዳት ነገራት። አላለባበሰም፤ «ወድጄሻለሁ፤ ይህን ማወቅሽ የሚያስቸግርሽ ከሆነ እንዳልሰማሽ ሁኚ» አላት። እሷም፣ «ሰምቻለሁ። ግን የትም መሄድ አልችልም፣ የአባቴ ቃል አለብኝ» አለችው። እሱም መንገድ ተዘግቶበት የትም መሄድ አይችል። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በየቀኑ እየተያዩ፣ አንዱ ለአንዱ ሳይሆን ተዘግቶባቸው ቀረ።

ንባቡ ሁለት ቀን ሲቀረው አቶ አካለ ወልድ መሪጌታ ቤት መጡ። ብሩክታይት ወንበር አቀረበችላቸው።

«ልጄ፣ ጽሑፍሽን አሳይተውኛል» አሉ ፈገግ ብለው። «ቆንጆ ነው። ያችን የማጠጣቷን ነገር ብቻ ዝለያት።»

«ወይዘሮ ይርጋነሽም ያልተናገሩትን ጽፌያለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱን ተይው። እሷ ባዳ ናት፤ አንቺ የቤቴ ነሽ። ደግሞ ደስ የሚል ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። ውበቴን እንደ ምንም አግኝቼዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉን እናደርጋለን።»

ብሩክታይት አባቷን አየች። መሪጌታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። አንድ ቃል ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። አልተናገሩም። እንግዳው ሲወጡ፣ «እግዜር ያሳካው» ብቻ አሉ።

በማግሥቱ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ከፋሲካ በኋላ» አለች፣ «ከዚያ ወዲያ በር የለም፣ ስርጉት።»

«ለአባትሽ ንገሪያቸው!»

«ምን ብዬ? እርስዎ የማሉለት ሰው ልጅ ረስቶኛል፣ እኔም የሞጣ ሰው ወድጃለሁ ብዬ? ያውም በምርጫው ሰሞን? ወይዘሮ ይርጋነሽ ገዝተዋት ነው አይሉኝም?»

እውነቷን ነው፤ ይላሉ።

የንባቡ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በፊተኛው ረድፍ ሁለቱ እጩዎች ተቀምጠዋል። ከነሱ ጎን መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ፣ ከኋላቸው ደግሞ የቅኔ ደቀ መዛሙርታቸውና የደብሩ ሽማግሌዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከሚገኙበት ስብሰባ ይሰውራችሁ። ሰላምታ ስትሰጧቸው እንኳ ከሥሩ ምን ተቀብሮ ይሆን ብለው የሚቆፍሩ ናቸው። ባንተአምላክ በሩ ሥር ቆሟል፤ ያን ቀን ነጩን ሸሚዝ ለብሷል።

ብሩክታይት ወረቀቷን በቀኝ እጇ ብቻ ይዛ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። የቆሻሻውን አነበበች፣ የጎርፉን አነበበች። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ይሰማታል። ችግኙ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። አቶ አካለ ወልድ በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ ዝለያት ማለታቸው ነው። ዓይኗን ከሳቸው ስታሸሽ በሩ ሥር ካለው ነጭ ሸሚዝ ጋር ተጋጨች። አፏን ከፈተችና አነበበችው።

«የመጀመሪያው እጮኛ ብዙ እንደሚተክሉ ተናግረዋል፤ ማን እንደሚያጠጣ ግን አልተናገሩም።»

እጩ ልትል እጮኛ አለች!

 ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ወይ ጉድ! ሰሙ ችግኝ፣ ወርቁ ውበቴ!» አሉና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሁለት ዓመት ሙሉ የታፈነ ሳቅ ነው፤ ወንበር እየደበደቡ የሚስቁ ነበሩ። እኔ አልሳቅሁም። የጓደኛዬን ፊት ነው የማየው።

አቶ አካለ ወልድ ተነሡ። ብልህ ሰው ናቸውና አልተቆጡም፤ አብረው ሳቁ። «ወገኖቼ፣ ምላስ ነው፣ ያዳልጣል!» አሉ። «ልጄ፣ ምንም አይደለም። ይቅርታ በይና አርመሽ ቀጥዪ።»

እንዲህ ቀላል ነበር። አንዲት ይቅርታ ብትል ሕዝቡ ስቆ ይረሳዋል፤ ከፋሲካ በኋላም ትዳራለች። ብሩክታይት ከንፈሯን አላቀቀች።

«ቆዩ» አለ አንድ ድምፅ። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

«ስሕተት ከሆነ ይታረማል» አሉ ቀስ ብለው። «ቅኔ ከሆነ ግን አይታረምም። ባለቤቷ ትጠየቅ። ልጄ፣ ስሕተት ነው ወይስ ቅኔ?»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ጠየቋት። ያውም በከተማው ሁሉ ፊት። የአባቷን ዓይን አየች። ከዚያ ግራ እጇን ከኪሷ አወጣችና ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ቀለበቱ ብልጭ አለ።

«ስሕተት ነበር፣ አባ» አለች።

«ነበር?»

«ሳነበው ስሕተት ነበር። አሁን ግን አላርመውም።»

  መሪጌታ ወዳጃቸውን አቶ አካለ ወልድን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ወርቁ እስኪወጣላቸው እየጠበቁ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና፣

«ይበል!» አሉ።

በቅኔ ቤት ይበል ከተባለ አለቀ፤ ቅኔው ሞልቷል፣ ተቀብለነዋል ማለት ነው። ደቀ መዛሙርቱ ተቀበሉና «ይበል! ይበል!» አሉ። አቶ አካለ ወልድ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ብሩክታይት እንባዋን በክንዷ ጠረገችና የቀረውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ቃል አነበበች። ባንተአምላክ ግን አልሰማም። በሩን ይዞ ውጭ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ የአልቤርጎው ባለቤት ነግራኛለች።

በማግሥቱ አቶ አካለ ወልድ ጧት ሳይጠሩ መጡ። መሪጌታ ቀለበቱን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጧቸው።

«ምዬ ነበር፣ አፍርሻለሁ። ይቅር በለኝ» አሉ መሪጌታ።

«ያፈረስኩትስ እኔ ነኝ» አሉ አቶ አካለ ወልድ። «ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ ልጅህን አስሬ ያዝኩ። እሱ ተክሎ ሄደ፤ እኔ ደግሞ አፍሬ ዝም አልኩ።» ሁለቱ ሽማግሌዎች ብዙ ሳይነጋገሩ ቁጭ ብለው ዋሉ።

ምክር ቤቱ የመረጠው ማንን መሰላችሁ? አቶ አካለ ወልድን ነው! ፏፏቴ የማይወድ ማን አለ? ግን ልንገራችሁ፣ ፏፏቴው እስካሁን አልቆመም። ውኃ በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ ግን በየጧቱ በዋናው መንገድ ያልፋል። ከንቲባው ራሳቸው አንዳንዴ ከኋላው ይሄዳሉ። አንድ ችግኝ ቢደርቅባቸው ይህ ሕዝብ ምን ብሎ እንደሚስቅ ያውቁታል።

መንገዱ ተከፍቷል ሲባል ባንተአምላክ ለመሄድ ተነሣ። መናኸሪያ ሸኘነው።

«ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ» አላት።

«መንገዱ ቢዘጋስ?»

«ይከፈታል።»

«ባይከፈትስ?»

«በደብረ ወርቅ በኩል በእግራቸው አመጣቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ያችን ችግኝ አደራ።»

አውቶቡሱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ። ብሩክታይት ቀለበት የሌለበት እጇን እያየች፣ «ይኸው ደግሞ ተያዝኩ» አለችኝ። ፊቷ ግን የድሮው አልነበረም። የሞጣ ሹፌር ባለፈ ቁጥር መልእክት ይመጣል፤ መልእክቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቅጠል አወጣች ወይ?» እሷም ጧት ጧት ባልዲ ይዛ አጥሩ ሥር ትሄድና መልሱን በሹፌሩ ትልካለች። በሚያዝያ አወጣች።

ሽማግሌዎቹ በሰኔ ደረሱ። ሦስት ናቸው፤ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር መጥተው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰዋል። እኔና ብሩክታይት ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቀናል። እጄን ጨምቃ ልትሰብረኝ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ልጅዎን ለልጃችን አሉ። መሪጌታ ስለ ዘር አልጠየቁ፣ ስለ መሬት አልጠየቁ። መቁጠሪያቸውን አስቀመጡና፣

«ማን ያጠጣል?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«መሪጌታ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አናውቅም። ልጁ ሲሸኘን ግን፣ ‹እንዲህ ብለው ከጠየቋችሁ እኔ በሉልኝ› ብሎናል።»

ከመጋረጃው ጀርባ የብሩክታይት ሳቅ አመለጣት። መሪጌታም ሰሙት፤ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ምን ቆማችሁ?» አሉ እንግዶቹን። «ተቀመጡ እንጂ። ጠላ አምጡላቸው።»